ኮረንቲ የያዘውን ሰው እንዴት እንርዳ? ከቆጣሪው እስከ ሆስፒታል፣ ደረጃ በደረጃ

ሰው ኮረንቲ ሲይዘው ቤተሰብ የሚያደርገው ይታወቃል። እናት ልጇን ለማስለቀቅ ትሮጣለች። ወንድም የወንድሙን ክንድ ይዞ ይጎትታል። ጎረቤት ውሃ በባልዲ ይዞ ይመጣል። ሦስቱም ከፍቅር የመጡ ናቸው፤ ሦስቱም ይገድላሉ። በአንድ ሰው የጀመረ አደጋ ሁለትና ሦስት ሰው ይዞ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለደሴ፣ ለኮምቦልቻ፣ ለሐይቅ፣ ለወልድያና ለቆቦ ቤቶች ነው። ቆጣሪው አከራይ ጋ ለሆነበት ግቢ፣ ወለሉ እርጥብ ለሆነ ማድቤት፣ አምቡላንስ ቶሎ ላይደርስበት ለሚችል ቀበሌ። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ። መጀመሪያ ኮረንቲው፣ ቀጥሎ ትንፋሹ፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ።

ከአደጋው በፊት፦ ዛሬውኑ የሚጠናቀቅ ዝግጅት

አደጋው ሲደርስ ማንም ረጋ ብሎ አያስብም። እጅ የሚሄደው ወደለመደው ነው። ስለዚህ ይህን ክፍል ዘላችሁ አትለፉ።

1. ቆጣሪውን እወቁ። ብዙ ግቢ ውስጥ ቆጣሪው ያለው አከራይ ቤት ግድግዳ ላይ ወይም ከውጭ በር ጎን ነው። ሳጥኑ ይቆለፋል። ቁልፉ የአከራይዋ መቀነት ውስጥ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ገበያ ሄደዋል። ሰርቪስ ቤት የምትኖሩ ከሆነ ዛሬ ሂዱና "እትዬ፣ አንድ ነገር ቢፈጠር መብራቱን የምናጠፋው በየት በኩል ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሳጥኑ የግድ መቆለፍ ካለበት ቁልፉ እዚያው አጠገብ፣ ግቢው ሁሉ በሚያውቀው ቦታ ይንጠልጠል።

2. ብሬከሩን አጥፍታችሁ ሞክሩ። የትኛው ማድቤቱን፣ የትኛው መኝታ ቤቱን እንደሚያጠፋ በማርከር ጻፉበት። አንዳንድ ቤት መስመሩ ከጎረቤት ቆጣሪ የተሳበ ነው። የእናንተም እንዲህ ከሆነ የሚያድናችሁ የጎረቤታችሁ ብሬከር ነው። የት እንዳለ ለይታችሁ እወቁ።

3. ማድቤት በር ላይ ደረቅ ዘንግ አቁሙ። የፕላስቲክ ወይም የእንጨት መጥረጊያ እጀታ ይበቃል፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይሁን። እርጥብ እንጨት ኮረንቲ ያስተላልፋል። ትናንት የተቆረጠ ባህር ዛፍ፣ ወይም በክረምት ጉም ውጭ የሰነበተ ዱላ ደረቅ አይባልም።

4. ስልኮችን መዝግቡ። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 905 የመብራት አገልግሎት የጥሪ ማዕከል፣ 991 ፖሊስ ነው። በዚህ ብቻ አትርኩ። የወረዳችሁን አምቡላንስ ሾፌር ስልክ፣ የቅርቡን ጤና ጣቢያ ስልክ፣ መኪና ያለውን ጎረቤት ስልክ ጨምሩ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የተያዘው የስልኩ ባለቤት ራሱ ሊሆን ይችላል።

5. ለልጆች ሦስት ቃል አስጠኑ፦ "አልነካም። እጮኻለሁ። አጠፋለሁ።" አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁለቱን መጀመሪያዎች በደንብ ይይዛቸዋል።

ደረጃ 1፦ ቁሙ፣ እዩ

ሁለት ሰከንድ ቁሙ። እጃችሁን ወደ ሰውነታችሁ ሰብስቡና ተመልከቱ።

ሰውዬው አሁንም ከኮረንቲው ጋር ተያይዟል ወይ? የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። ጡንቻን ኮምትሮ ይይዛል፤ ስለዚህ የጨበጠው ሰው ልልቀቅ ቢል እንኳ እጁ አይታዘዘውም። እጁ ተጨብጦ የቀረ፣ ሰውነቱ የሚንቀጠቀጥ፣ አፉን ከፍቶ ድምፅ የማይወጣው ሰው ካያችሁ ተይዟል ማለት ነው። ዝም ብሎ የወደቀም ቢሆን ሽቦ፣ ምጣድ ወይም እርጥብ ወለል እየነካ ከሆነ እንደተያዘ ቁጠሩት።

ብዙ ጊዜ የሚታየውን ልንገራችሁ። ጓሮ ያለ ማድቤት ነው። እመቤቲቱ ባዶ እግሯን ናት። ወለሉ ላይ ሊጥና ውሃ ፈሷል። የምጣዱ ገመድ መግቢያው ላይ ተልጦ በናስትሮ ተጠቅልሏል፤ ናስትሮው ከሙቀቱ ብዛት ለቆ ውስጡ ያለው ሽቦ ይታያል። አክንባሎውን ስታነሳ ክንዷ የምጣዱን ጠርዝ ይነካል። እዚህ ቤት የሚገባ ሰው አደጋው ምጣዱ ላይ ብቻ ይመስለዋል። ወለሉም ነው። ደረቅ ጫማ ሳታደርጉ ወይም ኮረንቲው ሳይጠፋ ያንን እርጥብ ወለል አትርገጡ።

ሌላው የልብስ ማስጫ ሽቦ ነው። ጫፉ ከቆርቆሮ ጣሪያ ጋር ታስሯል፤ ከጣሪያው ሥር ደግሞ የተላጠ የመብራት መስመር ያልፋል። ልብስ ስታሰጣ የወደቀች ሴት ካያችሁ ሽቦውንም ቆርቆሮውንም የቆርቆሮ በሩንም አትንኩ። ሦስቱም ኮረንቲ ሊኖራቸው ይችላል።

መብራት ጠፍቶ ከሆነስ? አትመኑት። በማንኛውም ሰከንድ ሊመጣ ይችላል። መብራት የለም ብላችሁ ያልተነቀለ ሽቦ የያዘን ሰው አትያዙ። ጄኔሬተር ወይም ባትሪ ያለው ቤት ከሆነ ደግሞ ሰፈሩ ጨለማ ሆኖም ሽቦው ውስጥ ኮረንቲ ሊኖር ይችላል።

አሁን ወደ ላይ እዩ። አደጋው የደረሰው ከፖል ላይ በወደቀ ሽቦ ወይም በትራንስፎርመር ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን ደረጃ 2 ተዉትና ቀጥታ ደረጃ 3ን አንብቡ።

ደረጃ 2፦ ኮረንቲውን ቁረጡ

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ሁለት ሰው ካላችሁ አንዱ ወደ ቆጣሪው ይሩጥ፣ ሌላው ሰው እንዳይጠጋ ይከልክል። ከልካዩ ሥራው ቀላል አይደለም። እናትን ከልጇ ማራቅ ነው። ወገቧን ይዛችሁም ቢሆን አርቋት።

2. ብሬከሩ ሩቅ ከሆነ ስፒናውን ንቀሉ። ይህን የምታደርጉት ስፒናውና ሶኬቱ ደረቅ ከሆኑ፣ ካልተሰበሩና ካልቀለጡ ብቻ ነው። የተላጠ ገመድ ይዛችሁ አትጎትቱ።

3. የምጣዱን ወይም የምድጃውን ማብሪያ ማጥፊያ ማጥፋት አይበቃም። ማብሪያው በተሳሳተው መስመር ላይ ተገጥሞ ከሆነ እቃው ጠፍቶም ኮረንቲው ውስጡ ይቀራል።

ሰውዬው መሰላል ወይም ጣሪያ ላይ ከሆነ ኮረንቲው ሲቋረጥ ይወድቃል። ፍራሽ የሚያቀርብ ሰው ካለ ይዘርጋ። ፍራሽ ፍለጋ ግን ማጥፋቱን አታዘግዩ።

ማጥፋት ካልተቻለስ?

ሳጥኑ ተቆልፏል፣ ጎረቤት በር አይከፍትም፣ ሰው እየሞተ ነው። እንዲህ ሲሆን የሚቀረው መለየት ነው። ይህ የሚሠራው ለቤት ውስጥ መብራት ብቻ ነው። ለፖል ሽቦ በፍጹም አይሆንም።

1. እጃችሁን አድርቁ። ደረቅ ጫማ አድርጉ። ከእግራችሁ ሥር የለስላሳ ፕላስቲክ ሳጥን፣ የተደፋ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ደረቅ ጣውላ አድርጉና ቁሙበት። የብረት ወንበር አይሆንም።

2. በደረቁ ዘንግ ሽቦውን ከሰውዬው ላይ ግፉ። ሽቦው ካልተንቀሳቀሰ የሰውዬውን እጅ ከእቃው ላይ በዘንጉ መትታችሁ አስለቅቁ። ክንዱ ይላላጥ ይሆናል፤ ይሁን።

3. ዘንግ ከሌለ ደረቅ ጋቢ ወይም ደረቅ የናይለን ገመድ በሰውየው ብብት ወይም በቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ወርውራችሁ ጎትቱ። ሰውነቱን በእጃችሁ አትንኩ። በዝናብ የረጠበ ወይም ላብ የጠጣ ጋቢ አይሆንም። መቆለፊያው ብረት የሆነ ቀበቶም ይቅር።

4. ስትጠጉ እግራችሁን የሚነዝር ወይም የሚያሳክክ ነገር ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ ኋላ ተመለሱ። መሬቱ ራሱ ኮረንቲ ይዟል።

ውሃ አትርጩ። ሰውዬው ቢጨስም፣ እቃው ቢቃጠልም ኮረንቲው እስኪጠፋ ድረስ ውሃ አይነካም። እሳት ካለና መጥፋት ካለበት ደረቅ አሸዋ ወይም አፈር በትኑበት።

አንዴ ከኮረንቲው ከተለየ በኋላ ሰውነቱ ውስጥ የቀረ ኮረንቲ የለም። መንካት ትችላላችሁ። "አሁንም ይይዛል" እያሉ ቆሞ ማየት ሌላው ትልቅ ጥፋት ነው።

ደረጃ 3፦ የፖል ሽቦ፣ ትራንስፎርመር፣ የወደቀ መስመር

ከትራንስፎርመር በላይ ያለው መስመር 15,000 ወይም 33,000 ቮልት ነው። ይህ ኃይል ሳይነኩትም ሊዘል ይችላል። ደረቅ እንጨት አያቆመውም፤ የጎማ ጫማም አያቆመውም። ስለዚህ ትእዛዙ አንድ ነው፦ አትጠጉ።

1. ቢያንስ 20 ሜትር ራቁ፤ በእርምጃ ወደ 30 ነው። ሰውም ከብትም አርቁ። መንገዱ ላይ ከሆነ በሁለቱም በኩል ሰው አቁሙና መኪና አስቁሙ።

2. 905 ደውሉ። ፖሉ ያለበትን ቦታ በግልጽ ተናገሩ፦ የትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው ትምህርት ቤት፣ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ። "ሰው ተይዟል" የሚለውን መጀመሪያ ተናገሩ። 991ም ደውሉ።

3. መስመሩ መጥፋቱን ከባለሙያ አፍ ሳትሰሙ አትግቡ። ሽቦው ዝም ማለቱ፣ ብልጭታ አለማሳየቱ ምንም አያረጋግጥም።

4. ሽቦው ሲወድቅ አጠገቡ ከነበራችሁ አትሩጡ። እግራችሁን ገጥማችሁ፣ ሳታነሱ፣ በትንሽ በትንሹ እየጎተታችሁ ራቁ። በሰፊ እርምጃ ስትራመዱ በሁለት እግራችሁ መካከል ባለው ርቀት ኮረንቲ በሰውነታችሁ ያልፋል። ረጅም እርምጃ ያለው በሬ ቶሎ የሚወድቀው ለዚህ ነው።

5. መኪና ወይም ባጃጅ ላይ ከወደቀ ውስጥ ያለው ሰው አይውረድ። ከሩቅ ሆናችሁ "አትውረድ!" በሉት። እሳት ከተነሳና የግድ ከሆነ እግሮቹን ገጥሞ ይዝለል፤ መሬትንና የመኪናውን አካል በአንድ ጊዜ አይንካ። ከዚያ እግር እየጎተተ ይራቅ።

እዚህ ላይ ያለው ሐዘን ከባድ ነው። ሰው ዓይናችሁ እያየ ወድቆ መቆም ልብ ይሰብራል። ነገር ግን ገብታችሁ ብትወድቁ እሱን የሚያነሳ አይኖርም።

ደረጃ 4፦ ጥሩት፣ ትንፋሹን እዩ

ኮረንቲው ተቋርጧል። አሁን ጊዜ የምትሻሙት ከሞት ጋር ነው።

1. ትከሻውን እየመታችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። ስሙን ካወቃችሁ በስሙ።

2. ካልመለሰ በጀርባው አስተኙት። አገጩን ወደ ላይ ከፍ፣ ግንባሩን ወደ ኋላ ቀስ አድርጉ። ከከፍታ ወድቆ ከሆነ አንገቱን አታጣምሙ፤ መንጋጋውን ብቻ ወደ ፊት አውጡ።

3. ጉንጫችሁን አፍንጫው ላይ አድርጋችሁ፣ ዓይናችሁ ደረቱን እያየ፣ እስከ 10 ሰከንድ ቁጠሩ። ደረቱ ይነሳል? ትንፋሽ ይሰማል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የተጎዳው አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት፣ እንደ መቃተት ያለ ድምፅ ያሰማል። ቤተሰብ "ተነፈሰ! አልሐምዱሊላህ!" "እግዚአብሔር ይመስገን!" ብሎ ያርፋል። ይህ ትንፋሽ አይደለም። ልቡ ቆሞ ሰውነት የሚያሰማው የመጨረሻ ድምፅ ነው። አልፎ አልፎ ከሆነ እንደማይተነፍስ ቁጠሩትና ወደ ደረጃ 5 እለፉ።

4. በዚያው ቅጽበት አንድ ሰው በስሙ ጠርታችሁ እዘዙ፦ "አንተ 907 ደውል። አንቺ መኪና ፈልጊ።" "ኧረ አንድ ሰው ይደውል!" ካላችሁ ማንም አይደውልም። ብቻችሁን ከሆናችሁ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡና እየደወላችሁ ደረቱን መጫን ጀምሩ።

ደረጃ 5፦ አይተነፍስም? ደረቱን ጫኑ

ኮረንቲ ልብን ከምቷ አውጥቶ እንድትንዘፈዘፍ ያደርጋታል፤ ደም መርጨት ታቆማለች። ደረቱ ካልተጫነ በየደቂቃው የመዳን ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል።

1. ከአልጋ ወይም ከፍራሽ አውርዱት። ደረቅና ጠንካራ ወለል ላይ በጀርባው ይሁን። ፍራሽ ላይ ስትጫኑ የሚወርደው ፍራሹ ነው።

2. አንድ መዳፋችሁን ደረቱ መሐል፣ በሁለቱ ጡቶች መካከል ባለው አጥንት ላይ አድርጉ። ሁለተኛውን በላዩ ደርቡ፤ ጣቶቻችሁን አቆላልፉ።

3. ክንዳችሁን ቀጥ አድርጉ። በክንድ ጉልበት ሳይሆን በሰውነታችሁ ክብደት ወደ ታች ጫኑ። ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቁት፤ እጃችሁ ግን ከቦታው አይነሳ።

4. ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። በሰከንድ ሁለት ያህል መሆኑ ነው። ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ።

5. 30 ጊዜ ከጫናችሁ በኋላ አፍንጫውን ይዛችሁ፣ አፉን በአፋችሁ ገጥማችሁ፣ ሁለት ጊዜ ንፉለት። እያንዳንዱ አንድ ሰከንድ። ደረቱ ሲነሳ ካያችሁ ገብቷል። በኮረንቲ የተመታ ሰው አንዳንዴ ልቡ እየመታ ትንፋሹ ብቻ ይቆማል፤ ስለዚህ መንፋቱ ዋጋ አለው። መንፋት ካልቻላችሁ ወይም ካልፈለጋችሁ ግን መጫኑን አታቁሙ። መጫን ብቻውን ከምንም ይሻላል።

6. በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ። የደከመ ሰው እየጫነ ይመስለዋል እንጂ በቂ አይወርድለትም።

ሕፃናት ላይ፦ መጀመሪያ 5 ጊዜ ንፉ፤ ከዚያ 30 ጊዜ መጫን፣ 2 ጊዜ መንፋት። ከአንድ ዓመት በላይ ላለ ልጅ በአንድ መዳፍ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደረቱን በሁለት እጅ ከብባችሁ በሁለት አውራ ጣት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል፤ ስትነፉ አፉንና አፍንጫውን አንድ ላይ በአፋችሁ ሸፍኑ፣ ጉንጫችሁ ውስጥ ያለውን አየር ያህል ብቻ።

ሴት ከሆነችስ? ወንድ ሆናችሁ የሴት ደረት መንካት በእኛ አገር ያሳፍራል፣ ይገባኛል። ነጠላ ወይም ሻሽ ጣል አድርጉባትና ጫኑ። ባሏ ወይም ወንድሟ ቆሞ ካያችሁ እሱን አስተምራችሁ ተቀያየሩ። "ሴት እስክትመጣ" ተብሎ የሚጠፋ ደቂቃ ግን መልሶ አይገኝም።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

የጎድን አጥንት "ቀጭ" ቢል፦ አትደንግጡ፣ የእጃችሁን ቦታ አስተካክላችሁ ቀጥሉ። አጥንት ይጠገናል።

ቢያስመልሰው፦ ወደ ጎን አዙሩት፣ አፉን በጣታችሁ ጥረጉ፣ መልሱትና ቀጥሉ።

ስትነፉ ሆዱ ከተነፋ፦ አየሩ ወደ ጨጓራ እየገባ ነው። አገጩን እንደገና ከፍ አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ ንፉ። ሆዱን አትጫኑ።

የምታቆሙት መቼ ነው? ራሱ መተንፈስ ወይም መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ባለሙያ ሲረከባችሁ፣ ወይም ጉልበታችሁ ፈጽሞ ሲያልቅ። በኮረንቲ የተመታ ሰው፣ በተለይ ወጣት ከሆነ፣ ረጅም ጊዜ ተጭኖ ሊነሳ ይችላል። "በቃ ሞቷል" የሚል ሽማግሌ አጠገባችሁ ቢቆምም አትቁሙ።

የባጃጁ ጉዳይ

እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልናገር። በደሴም በኮምቦልቻም ሰው ሲወድቅ የመጀመሪያው ጩኸት "ባጃጅ!" ነው። የማይተነፍስን ሰው ባጃጅ ውስጥ አጥፎ መጫን፣ የፒያሳን ግርግር አቋርጦ ወደ ሆስፒታል መብረር፣ ለእኔ ሰውዬውን መተው ነው። ባጃጅ ውስጥ ደረት አይጫንም። ልብ ሳይመታ አሥር ደቂቃ ካለፈ የሚደርሰው አስከሬን ነው።

የምመክረው እንዲህ ነው። አንዳችሁ ይጫን፤ ሌላው ሰው ማስተኛት የሚቻልበት መኪና ይፈልግ። ፒክ አፕ ወይም መቀመጫው የተጣጠፈ ሚኒባስ ይሆናል። ሲመጣ ከአሥር ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ወለሉ ላይ አስተኙትና እየሄዳችሁም ጫኑ። ሾፌሩ በልክ ይንዳ፤ ቁልቁለቱና ኩርባው የሚጫነውን ሰው እንዳይጥለው። አምቡላንስ እየመጣ መሆኑን በስልክ ካረጋገጣችሁና ቅርብ ከሆነ ግን ባላችሁበት ደረቱን እየጫናችሁ ጠብቁ።

የሚተነፍስና የነቃ ሰው በባጃጅ ቢሄድ ግድ የለም።

ደረጃ 6፦ ይተነፍሳል፣ ግን ራሱን ስቷል

ወደ ጎን አስተኙት። የላይኛው ጉልበቱ ይታጠፍ፣ የላይኛው እጁ ከጉንጩ ሥር ይግባ፣ አፉ ወደ መሬት ያዘንብል። ትውከት ቢመጣ እንዳያንቀው ነው። ከከፍታ ወድቆ ከሆነ ራሱን፣ አንገቱንና ወገቡን በአንድ መስመር ይዛችሁ አንድ ላይ አዙሩት።

በየደቂቃው ትንፋሹን እዩ። ካቆመ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

ጋቢ አልብሱት። ቶሳ ሥር ያለው ብርድ ራሱን የሳተን ሰው ይጎዳዋል። ከዚህ ውጪ የሚደረግ ነገር የለም። ክብሪት አታሽትቱት። ሽንኩርት አታስነኩት። ወተት፣ ውሃ፣ ጠበል፣ ቡና በአፉ አትጨምሩ፤ ራሱን የሳተ ሰው የሚውጠው ወደ ሳንባው ነው። አፈር ውስጥ አትቅበሩት፤ አፈር ኮረንቲ አያወጣለትም፣ ደረቱን ይጫነዋል እንጂ። ጸሎቱም ዱዓውም ከአጠገቡ ይደረግ፤ አፉ ግን ክፍትና ባዶ ይሁን።

ደረጃ 7፦ ነቅቷል? አረጋጉትና ቁስሉን እዩ

ሲነቃ ደንግጦ ይነሳል። "አብሽር፣ አጠገብህ ነን" በሉትና አስቀምጡት። ለመቆም አይቸኩል።

ቁስሉን ሁለት ቦታ ፈልጉ። ኮረንቲ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ ይወጣል። እጁ ላይ ጥቁር ወይም ነጭ ጠባሳ ካለ ጫማውን አውልቃችሁ እግሩን፣ ተረከዙን፣ ሌላኛውን እጁን እዩ። ከላይ ስሙኒ የምታህል ቁስል ከሥሯ ጡንቻና ነርቭ ልታቃጥል ትችላለች። የቁስሏ ማነስ አያታልላችሁ።

1. ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓት፣ ጫማ ቶሎ አውልቁ። ያብጣል።
2. የተቃጠለውን ቦታ በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ አቀዝቅዙ። በረዶ አይሆንም።
3. በንጹህ ጨርቅ ወይም በንጹህ ስስ ፕላስቲክ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑ።
4. ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቡና፣ ጭቃ አትቀቡ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ።

"ደህና ነኝ" ሲል

በጣም የሚያስጨንቀኝ ይህ ሰው ነው። ተነስቶ ይስቃል፣ ቡና ይጠጣል፣ ማታ ይታመማል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ፤ ነገ አትበሉ፦

ራሱን ስቶ ነበር፤ ለአፍታም ቢሆን። ኮረንቲው ጨብጦ አቆይቶታል። ደረቱን ያመዋል፣ ልቡ ይዘላል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ቃጠሎ አለበት። እጅ እግሩ ደንዝዟል ወይም ሰልሏል። ኮረንቲው ከእጅ ወደ እጅ ወይም ከእጅ ወደ እግር በደረት በኩል አልፏል። ወድቆ ራሱን ተመቷል። የፖል ሽቦ ነበር።

እርጉዝ ከሆነች ምንም ባይሰማትም ትሂድ። የጽንሱ ልብ መታየት አለበት።

ሽንቱን እንዲያይ ንገሩት። ጠቆር ያለ፣ የኮካ ወይም የጠላ ቀለም ያለው ሽንት ከመጣ ጡንቻው ተቃጥሎ ኩላሊቱን እየዘጋው ነው። ሌሊትም ቢሆን ይወሰድ።

የት ይወሰድ? ልብን የሚመዘግብ ማሽን ያለበት ይመረጣል። ለደሴና ለአካባቢው የደሴው ሆስፒታልና ቦሩ ሜዳ፣ ለሰሜኑ የወልድያው ሆስፒታል አለ። ሩቅ ገጠር ከሆናችሁ መንገድ ላይ ያለው ጤና ጣቢያ መጀመሪያ ይየው፤ ሪፈር እንዲጽፉለትና አምቡላንስ እንዲጠሩለት።

ለሐኪሙ የሚነገር

ወረቀት ላይ ጻፉት፦ ስንት ሰዓት ላይ ተያዘ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ የቤት መብራት ነው ወይስ የፖል፣ እጁ ወይም እግሩ እርጥብ ነበር ወይ፣ ራሱን ስቶ ነበር ወይ፣ ደረቱ ተጭኖ ከሆነ ከስንት ሰዓት ጀምሮ፣ ቁስሉ የት የት ነው፣ የቴታነስ ክትባት መቼ ወሰደ። ይህን የያዘ ሰው ተጎጂውን አጅቦ ይሂድ።

መብረቅ ከሆነ

በክረምት በላይኛው ወሎ፣ በለጋምቦና በደላንታ ሜዳ፣ ይህም ይገጥማል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የሚጠፋ ብሬከር የለም። የተመታው ሰው አይይዝም፣ ወዲያው ንኩት። ብዙ ሰው አንድ ላይ ከተመታ መጀመሪያ የምትሄዱት ዝም ወዳለው ነው፤ የሚጮኸው እየተነፈሰ ነው። ነጎድጓዱ ካልቆመ ከዛፍ ሥርና ከጉብታ ላይ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወይም ወደ ቤት ውሰዱት። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳያልፍ ሜዳ አትውጡ።

ከቀናት በኋላ

ገመድ አፉ ውስጥ አስገብቶ የነከሰ ልጅ ከንፈሩ ጥግ ላይ ይቃጠላል። ቁስሉ ሲደርቅ ወላጅ ያርፋል። ከ5 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ግን ቅርፊቱ ሲለቅ በከንፈር ውስጥ ያለው የደም ሥር ድንገት ሊፈስ ይችላል። ሲፈስ ከንፈሩን ከውስጥና ከውጭ በንጹህ ጨርቅ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ያዙ፤ ሳትለቁ ሆስፒታል ውሰዱት። በእነዚህ ቀናት ልጁ ለብቻው አይተኛ።

ሰው የያዘውን ምጣድ፣ ማከፋፈያ ወይም መስመር ደግሞ "አሁን ደህና ነው" ብላችሁ መልሳችሁ አትሰኩት። ስፒናውን ቆርጣችሁ ጣሉት፤ ኤሌክትሪሻን ፈትሾ አዲስ እስኪገጥምለት ድረስ ማንም ሳያውቅ እንዳይሰካው። የልብስ ማስጫውን ሽቦ በናይለን ገመድ ቀይሩት።